የትርፊት ግራ ጉንጭ

በሆሳዕና ከተማ ገበያ ከትርፊት የእንሰት ቡላ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚስማት በቀኝ ጉንጯ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለች ጥርሷ መግሎ ግራ ጉንጯን በልቶት፣ እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ትቶባታል። ሰላም ሊላት የተጠጋ ሁሉ ግራውን ሳያገኘው ቀኟን ሰጥታ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ታልፋለች። ባሏ መምህር ተገኘ እንኳ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቱን የቀበሌ ሽማግሌ ፊደል ያስቆጠረው ሰው፣ በዚያች ጉንጭ ነገር ሊያሸንፋት አልቻለም። እልኸኛ ናት፤ ቡላዋን ሲያጣጥሉባትም እንዲሁ ናት።

የልጇ የሣራ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ግን ልቧ ተሸበረ። የሙሽራው ወገኖች ከዶዮገና ይመጣሉ፤ ሁሉም ሊስማት ነው፤ ፎቶ አንሺም ተጠርቷል።

"በዚህ ፊቴ ልጄን መሳቂያ አላደርጋትም" አለች።

በዚያ ሰሞን ቸኮል የሚባል፣ ከምሥራቅ ጦር ግንባር ቆስሎ የተመለሰ ሰው፣ በገበያ ቀን ከቤት ቤት እየዞረ መርፌ ይወጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም፤ የማያውቀውን አላውቅም ማለት ብቻ ነው ያቃተው። "እትዬ፣ ጎድጓዳ የሚሞላ መድኃኒት አለኝ" ብሎ ነጭ ቅባት በቆርቆሮ አቅልጦ አሳያት። ሲቀዘቅዝ ረጋ። ትርፊት ይህን ስታይ አመነች። ዕድሜዋን ሙሉ ቡላ ስታገነፋ የኖረች ሴት ናትና የረጋ ነገር ሁሉ ቡላ መሰላት፤ ውሃ ጠጥቶ፣ ለስልሶ፣ ከገላዬ ጋር አንድ ይሆናል አለች። ለተገኘ ሳትነግረው ተወጋች።

ጉንጯ ሞላ። ትርፊት ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሴት ሆነች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ፣ ሳቋ ከገበያው ማዶ ይሰማ ጀመር። ሰላም ስትል ግራዋን ትሰጣለች፤ ሰው ግን ልማድ ሆኖበት ወደ ቀኝ ይዞርና አፍንጫ ላፍንጫ ይጋጫሉ። እንዴት ደስ ይላት እንደነበር።

ከዚያ ጉንጯ ጠጠረ። ቀላ፣ አበጠ፣ እብጠቱም ወደ አገጯ ተንሸራተተ። ምስጢሩ ሲወጣ ተገኘ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብሎ ሆስፒታል ወሰዳት።

ሐኪሙ ለዘብ ያለ ወጣት ነው። እብጠቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣ "እትዬ ትርፊት፣ ቆዳችንን ከውስጥ ሞልቶ የሚይዘው እንደ ቡላ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው" አላት። "የተወጉት ግን ቅባት ነው። ቅባትና ውሃ አይዋደዱም። ሰውነትዎ ሊያሟሟው ሞክሮ ሲያቅተው በጠባሳ አጠረው።"

"ለገላዬ የሚስማማ መሙያ የለም?"

"ውጭ አገር ከከብት ቆዳ የሚያወጡት አለ፤ እሱም ቀስ በቀስ ስለሚጠፋ እየደጋገሙ መወጋት ነው። ከአውራ ዶሮ አናት፣ ከዚያ ከቀዩ ሥጋም፣ ውሃ የሚይዝ ዝልግልግ ነገር አውጥተው ለዓይን ሕክምና ይጠቀሙበታል። እኛ ዘንድ አልደረሰም።"

"ዶሮውስ ነበረን" አለች ትርፊት። ተገኘ ሳይወድ ሳቀ።

ቅባቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ጉድጓዱ ግን ከቀድሞው ጠልቆ፣ ጠባሳ ተጨምሮበት ቀረ። ሠርጉም ደረሰ። ትርፊት ወጥ አማስላለሁ ብላ ጓዳ ገባች፤ ቢለምኗትም አልወጣም አለች። አማቾቹ ተቀምጠው የሙሽራዋን እናት ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ሣራ ከነቬሎዋ ጓዳ ገብታ፣ እጇን ይዛ እየጎተተች አወጣቻት።

እዚያው በሰው ሁሉ ፊት ሣራ የእናቷን ግራ ጉንጭ ሳመች። ደግማም ግራውን ሳመች። ትርፊት ቀኟን ልትሰጥ ብትዞር፣ ልጅቱ አገጯን ይዛ መለሰቻትና አሁንም ግራውን ሳመችው።

የዶዮገና አማቾች ይህን ሲያዩ የቤቱ ወግ መሰላቸው። እንግዳ ደግሞ የገባበትን ቤት ወግ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ፣ የሙሽራው እናት፣ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ተራ በተራ እየመጡ፣ ጎንበስ እያሉ፣ ያንን ጠባሳ እንዳያምማት በጥንቃቄ ሳሙት። ትርፊት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ እንባዋ መጣ፣ ኋላ ግን ራሷ ግራዋን ታቀርብ ጀመር። ቀኝ ጉንጯ በዚያ ቀን ማንም ሳይስመው ዋለ።