አቮካዶዬን ከመጥረቢያ ያስጣለ ኦርኪድ

ዛሬ ጠዋት ዛፍ ቆራጩ ኦቦ ታደሰ መጥረቢያቸውን አንስተው የጓሮዬን አቮካዶ ሊቆርጡ ሲሉ ግንዱ ላይ ነጭ አበባ አየሁ። "ይቁሙ!" ብዬ ስጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቮካዶው ማፍራት ካቆመ ቆይቷል። ባለቤቴ ሃዳ ኢፋ (የኢፋ እናት) ዛፉ ተቆርጦ በቦታው ኩሽና ይሠራ አለች። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩበትን የማታ ትምህርት የቤት ሥራዬን የሠራሁት ከሥሩ ተቀምጬ ስለሆነ አልጨከንኩም።

"ኦርኪድ አበቅልበታለሁ" አልኳት። ሳቀች። ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸው ሁለት ኦርኪዶች ነቀምቴ ገብተው ሞተዋላ። አንዱን ክረምቱ አበሰበሰው፤ ሌላውን ፍግ አልብሼ እንደ ጎመን ተከልኩት። (ጎመን ቢሆን ኖሮ ትሸልሙኝ ነበር።)

ሦስተኛውን ከሩቅ አላስመጣሁም። በኑኑ ቁምባ መንገድ ነፋስ ከጣለው ዛፍ ላይ አነሳሁትና በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ አቮካዶው ላይ አሰርኩት። ዝናባችንንና ጉማችንን ለምዶ ያደገ ነው፤ አፈርም ፍግም አልጠየቀኝም።

"አባ ኢፋ፣ ዛፉን ያሰርከው እንዳይሸሽ ነው?" ብላ ባለቤቴ ቀለደችብኝ። ኦርኪዱ ካላበበ ዛፉ ሊቆረጥ የተስማማነው ለዛሬ ነበር።

ጩኸቴን ሰምታ ወጣችና አበባውን ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ "ኦቦ ታደሰ፣ መጥረቢያውን ያስቀምጡና ቁርስ ይብሉ" አለቻቸው።

"ኩሽናውስ?" አልኳት።

"ወደ አጥሩ ይጠጋል።"

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ልጄ ኢፋ ስልኩን እንኳ አልነካም። እናንተስ፣ ለሰፈራችሁ አየር የትኛው ኦርኪድ እሺ አላችሁ? ጻፉልኝ፤ አሁን አነባለሁ።