ካፖርት የለበሰችው ዛፍ

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። እኔም እሱው ሱቅ ውስጥ፣ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ ጸጉሬ ሸበተ። በዚህ ሁሉ ዓመት ልኬት ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። የተሳሳተው በአንዲት ዛፍ ነው።

ሴት ልጁ ነርስ ሆና ሩቅ ከተማ ስትመደብ፣ ከጉልበት የማትበልጥ፣ ሜፕል የምትባል የባዕድ አገር ዛፍ ችግኝ በሸክላ ማስቀመጫ አምጥታ ሱቁ በር ላይ አኖረችለት። ቅጠሏ ጣቶቹን የዘረጋ የሕፃን መዳፍ ይመስላል።

«አባዬ፣ ብርዱ ሲገባ ቅጠሏ ሁሉ ይቀላል። ያኔ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ» አለችው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራው ዛፏ ሆነች። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት አፈሯን በጣቱ ይነካል፤ ደርቆ ከሆነ ያጠጣል። ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይለበልባት ወደ ጥላ ይጎትታታል። ደንበኛው እጁን ዘርግቶ ልኬት ይጠብቃል። «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ኮት ሊያሰፋ ነው የመጣው!» ብዬ እጮሃለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ብርዱ ሲገባ ጭራሽ አንጀቱ አልቻለም። ከተረፈ ሱፍ ካፖርት ሰፋላት፤ ገበር ያለው፣ ኮሌታ ያለው፣ ባለ አራት ቁልፍ። ቀዳዳዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እየሳቅሁ። ሲመሽ ደግሞ አስገብቶ ገና ያልበረደው ካውያ አጠገብ ያሳድራታል። ጎረቤቶቹ «እመቤቲቱ ደህና አደሩ?» እያሉ ያሾፉበታል።

ዛፏ ግን አልቀላችም። ቅጠሏ ዳር ዳሩ ጠቁሮ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ተጨማደደ። ልጅቷም በዚያ ዓመት አልመጣችም። ሥራ በዝቶባት ነው፤ እሱ ግን «ዛፏን ሳላቀላት ቀርቼ ነው» ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ጫነ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ናፍቃኝ ነበር። እሷ ስትስቅ ሱቁ ሰፊ ይመስለኛል።

በዓመቱ ብርዱ ሲመለስ፣ በሱቁ በኩል የሚያልፍ አንድ ችግኝ ሻጭ፣ ወንድሜ ዛፏን ካፖርቱን ሲያለብሳት ደረሰበት።

«ምን ነካዎት አባቴ? ይቺ ዛፍ እኮ ብርድ ካላገኛት አትቀላም! ደጅ ትደር!»

ወንድሜ ካፖርቱን አወለቀላትና ደጅ ተዋት። ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ እሱ ያውቃል። መጀመሪያ ጫፍ ጫፏ ቀላ፤ በሳምንቱ ሁለመናዋ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል። ወንድሜ ጺሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ሊደውልላት ስልኩን አነሳ። ናፍቆት ሽማግሌውን ልጅ ያደርገዋል።

ልጁ ቀድማው ደወለች። ድምጿ ዝሏል።

«አባዬ፣ ዘንድሮም ፈቃድ ከለከሉኝ። የሚተካሽ ሰው የለም አሉኝ።» ቀጥላም፣ «ቀላች እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ወንድሜ ወደ በሩ ተመለከተ። ዛፏ ፀሐይ አርፎባት ቀይ ሆና ቆማለች።

«ኧረ ገና ነች! አረንጓዴ ነች የኔ ልጅ። ምን ያስቸኩልሻል? ትጠብቅሻለች» አላት።

ስልኩን ዘግቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለው፤ ተነስቼ አስገባሁለት።