በመቀመጥና በመቆም መካከል

የእህቴ ልጅ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አንሸራቷት ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰብሮ እስከ ክርኗ በጀሶ ታሸገ። ሥራዋ ለልጆች የሚሆን ካርቱን በኮምፒውተር መሥራት ነው። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት አንዲት አጭር ትዕይንት ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ የቋሚነቱም ነገር እንደማይሆን በስልክ ነገረችኝ። ግራ እጇ አይታዘዛትም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጸሐፊነት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ከቦሌ ቡልቡላ ተነስቼ፣ ኢምፔሪያል ከታክሲ ወርጄ፣ ገርጂ ቤቷ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችኝና ማውሱን ሰጠችኝ። እኔ የለመድኩት ባዶ ገጽ ነው፤ እዚህ ግን ገጽ የሚባል የለም። የኮምፒውተሩ መስተዋት ለአራት ተከፍሏል፤ በአራቱም ውስጥ አንድ ልጅ ዱካ በምንለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«አራት ናቸው?» አልኳት።

«አንድ ነው፣ አክስቴ። ይኼ ከላይ፣ ይኼ ከፊት፣ ይኼ ከጎን። አራተኛው ካሜራው የሚያየው ነው። ሕዝብ የሚያየው እሱን ብቻ ነው።»

ሰውን በአንድ ጊዜ በአራት በኩል አይቼ አላውቅም። የልጁ ማጅራት ከላይ ሲታይ ጠባብ ነበር።

በቀኝ በኩል የስም ዝርዝር አለ። ልጁን ስነካው ወገቡ ተከፈተ፣ ከወገቡ ሥር ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ሥር ቁርጭምጭሚቱ። መዝገብ ቤት ፋይል የምናወጣው እንደዚያ ነበር፤ ይህ ወዲያው ገባኝ። ከታች ደግሞ እንደ ማስመሪያ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም መስመር አለ። «እሱ ጊዜ ነው» አለችኝ። ሃያ አራቱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ይሆናል።

አውራ ጣቴ ግን የለመደውን አልተወም፤ አንድ ነገር በሠራሁ ቁጥር የቃል ክፍተት መስጫውን ቁልፍ ይመታል። በመታ ቁጥር ሦስቱ መስኮቶች ይጠፉና አንዱ መስተዋቱን ይሞላዋል።

«አጠፋሁት!»

«አክስቴ፣ ደብዳቤ እየጻፉ እኮ አይደለም! ጣትዎን ያንሱልኝ።» ሳቀች። «ደግመው ይምቱት፣ ይመለሳል።»

ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ አውቄ መታሁት።

እሷ ከመውደቋ በፊት የጀመረችው ሥራ ሁለት ምልክት ብቻ ነበረው፤ መጀመሪያ ላይ ልጁ ተቀምጧል፣ መጨረሻ ላይ ቆሟል። መካከሉን ማን እንደሚሠራው ጠየቅኳት። ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል አለችኝ። ጊዜው ላይ ያለውን ጠቋሚ በዝግታ ስጎትተው ልጁ እንደ ሊፍት ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ለምንድን ነው የሚነሳው?»

«ሽማግሌ እንግዳ በበሩ ገብተው ነው። ኖር እያላቸው ነው።»

«ኖር የሚል ሰው እንዲህ አይነሳም።»

«ታዲያ እንዴት ይነሳል?»

ከመናገር ማሳየት ስለቀለለኝ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ አልኩና እዚያው ቆየሁ። «አይቆምም። ቂጡን ከዱካው ያነሳና እንግዳው በእግዜር እስኪለው ይጠብቃል። ከዚያ ይቀመጣል።»

«እኔም ለእርስዎ እንደዚያ ነው የምነሳው?»

«አንቺማ ስልክሽን ይዘሽ በአንገትሽ ነው የምትነሺው።»

ሐሙስን ሙሉ በዚያ ብድግታ ላይ ዋልን። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ ጉልበቱን አጥፋለሁ፣ ወገቡን አነሳለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ። ማሽኑ በሁለት ምልክት መካከል አቋራጩን ይሄዳል፤ ማመንታት ከተፈለገ ለብቻው ሊነገረው ይገባል። አንድ ጊዜ የልጁ ታፋ ዱካውን ሰንጥቆ አለፈ። ከካሜራው በኩል ደህና ነበር፤ ከጎን ስናየው ነው ያወቅነው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ላክነው። አንድ ሰዓት ሳይቆይ አለቃዋ ደወለች። የእህቴ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጁ ለምን ተነስቶ አልጨረሰም? ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?»

ልጅቷ አየችኝ። ቀጥ ብሎ የሚቆምበት የፊተኛው ሥራ አልጠፋም ነበር፤ «አዎ፣ ተበላሽቶ ነው» ብላ እሱን መላክ ትችላለች። ለእሷ ተውኩት። ሥራው የእሷ ነው።

«አልተበላሸም» አለች። «ኖር እያለ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የማውስ ጠቅታ ተሰማ።

«ታዲያ ሽማግሌው ምነው ምሰሶ ሆኑ?» አለች አለቃዋ። «የኔ አባት ቢሆኑ ልጁን እንዲህ አንጠልጥለው አይተዉትም። እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ በእግዜር ይበሉልኝ!»

ሽማግሌው ከበሩ ገብተው ከመቆም በቀር የሚያደርጉት አልነበረም። «እጃቸው ምን ይሆናል?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርገው እጄን አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ በሩን ዘጋሁና እንደ እንግዳ ገባሁ።

«ኖር!» ብላ በግራ እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ ብድግ አለች።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ» አልኩ።

«አይንቀሳቀሱ!» አለችኝ። መዳፌ ወደ ታች ዞሮ ደረቴ ፊት ቀርቷል። «ሁለት ጊዜ ነው ያወረዱት። ሁለተኛው ያንሳል። አንገትዎንም ሰበር አድርገዋል።»

እንደዚያው አድርገን ለሽማግሌው ሰጠናቸው። እጃቸው ሁለተኛ ሲወርድ ልጁ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ላክነው። መልሱ አጭር ነበር፦ «ተቀምጧል። ተረክቤያለሁ። ሰኞ ነይና የቅጥሩን ውል ፈርሚ።»

የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ስልኩን ደፋችው። ከዚያ «ደከመዎት?» አለችኝ።

«አልደከመኝም። ሰውዬው ግን ከገቡ በኋላ የት ነው የሚቀመጡት? ሌላ ወንበር አላየሁም።»

«ያ የሌላ ሠራተኛ ትዕይንት ነው፣ አክስቴ።»

«ለሠራተኛው ንገሪው» አልኳት። «ልጁ ዱካውን ይለቅላቸዋል።»