የሙዐዊያ ግራ እግር

ሐጃ ነዕማ ምርኩዛቸውን ጣሉ የሚለው ወሬ ሲደርሰው ሙዐዊያ ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ እየሰነጠቀ ነበር። ወሬውን ያመጡት ነገሩን ከፈረዱት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሼህ ሙስጠፋ ናቸው። ከደጁ ቆመው ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ፣ "ትናንት ከቤታቸው እስከ ውኃው ያለ ምርኩዝ ሄደው ተመለሱ፤ በዓይኔ አየሁ። እንግዲህ የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ተዘጋጅ" አሉት።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙዐዊያ።

ይህችን ቀን ሁለት ክረምት ሙሉ ሲለምን ኖሯል። ሼሁ ዞር ሲሉ ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ሁለት ክረምት ሙሉ ቀርከሃ እንጂ ሞተር አልነካም። ቀና ብሎ እጆቹን አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች መሰሉት።

በፊት ሙዐዊያን የማያውቅ ሞተረኛ አሶሳ ውስጥ አልነበረም። በኩርሙክ መንገድ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ነው ጎልማሳ የሆነው። ፍየል ከፊቱ አጋድሞ፣ ባልና ሚስት ከኋላው ጭኖ፣ ጭቃውን እንደ ደረቅ መሬት ሲያልፈው ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወሩለታል። እሱም ወሬውን አይጠላውም ነበር።

እሱና ሐጃ ነዕማ የወደቁት ቤንዚን ከከተማው በጠፋበት ሰሞን ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ሞተረኛው ሁሉ አንድ ልማድ ያወጣል። ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርስ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ያጠፋና እስከ ታች ድረስ ድምፅ ሳያሰማ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሙዐዊያም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የዚያን ቀን ከኋላው ወደ ጎን ተቀምጠው የነበሩት ሐጃ ነዕማ ናቸው፤ መካ ባይደርሱም ገበያው በክብር ሐጃ የሚላቸው የደረቅ ባሚያ ነጋዴ። ከድልድዩ በላይ ባለው ቁልቁለት ሞተሩን አጠፋ። መታጠፊያው ላይ አህያ ገባችበት። ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ሸሸ። በማርሽ እንዳይገታው ሞተሩ ጠፍቷል። እሱ ክርኑ ተላጠ። የሐጃ ነዕማ የጭን አጥንት ግን ዳሌው አጠገብ ተሰበረ።

የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሙዐዊያ ሞተሩን አጥፍቶ እንደነበር አልደበቀም፤ በኋላም ያንኑ ሞተር ሸጦ አሳከማቸው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ ሐጃ ነዕማ በእግራቸው እስኪሄዱ ድረስ ሙዐዊያ ሞተር ላይ አይወጣም። የሄዱ ዕለት ደግሞ መጀመሪያ የሚያሳፍረው እሳቸውን ነው፤ ከገበያው ተነስቶ፣ በዚያው መንገድ፣ እስከ ቤታቸው። በሰላም ካደረሳቸው ነገሩ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ቂም የያዘ ቢኖር በዳዩ እሱ ነው። ባያደርሳቸውስ? ያንን ማንም አላነሳም። ሁሉም ተጨባበጡ። የሐጃ ታናሽ ወንድም ሙዳሲር ብቻ ልብሱን አራግፎ፣ ለሙዐዊያ እጁን ሳይሰጥ ተነስቶ ሄደ።

ሼህ ሙስጠፋ ወሬውን ባመጡ ማግስት ሙዐዊያ ጋራዥ ወዳለው ወዳጁ ወደ አንለይ ሄደ። አንለይ ጎጃም ተወልዶ እዚህ የከተመ ሰው ነው፤ አፉ አያርፍም። ሙዐዊያ ደግሞ በአማርኛ ሲናገር ቃል ይቆጥባል።

"ሞተር አውሰኝ። እስከ ዓርብ።"

"በመጨረሻ! ቀርከሃው ሊያገባህ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ።" አንለይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጥግ ላይ የቆመውን ቀይ ሞተር አሳየው። "ያለኝ ይሄ ነው። ግን ማርሹን ልብ በል። ያንተ አሮጌ ሁሉንም ወደ ታች በመርገጥ ነበር የሚገባው። ይሄኛው አንደኛው ብቻ ነው ወደ ታች። ከዚያ በላይ ያለውን በእግርህ ጣት እያነሳህ ወደ ላይ ታስገባለህ።"

"ገባኝ" አለ ሙዐዊያ። እውነትም ገብቶት ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ሞተሩን አስነሳ። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ዘልሎ ጠፋ። ደግሞ አስነሳ፤ ደግሞ ጠፋ። ከብት የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ በትሩ ላይ ተደግፎ ያየው ነበር። በመጨረሻ ተንቀሳቀሰ። ሚዛኑ መጀመሪያ ተንገዳገደ፤ ቀጥሎ ወገቡ ሥራውን አስታወሰ። ነፋሱ ሸሚዙን ሲነፋው ሙዐዊያ ፈገግ አለ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ሦስተኛ ሲጠይቀው ግራ እግሩ ጌታውን ሳያማክር ወደ ታች ረገጠ።

የኋላው ጎማ ተጎተተ፤ ሞተሩ ዞሮ ሣሩ ላይ ጣለው።

ተኝቶ ሰማዩን እያየ ብዙ ቆየ። የሚያመው ሱሪው የተቀደደበት ጉልበቱ አልነበረም። መርሳት አንድ ነገር ነው፤ የረሳ ሰው ይማራል። የእሱ እግር ግን አልረሳም። ያን የተሸጠውን ሞተር ዛሬም እየነዳ ነው። ይህ ዛሬ ብቻውን ሆኖ ያገኘው ነው። ዓርብ ከኋላው ሐጃ ነዕማ ይሆናሉ።

በየቀኑ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ሜዳው ተመለሰ። እጆቹ ቶሎ ታረቁት። ግራ እግሩ ግን እያሰበበት ሲሄድ ይታዘዝና፣ ሐሳቡ ትንሽ ወደ ሌላ ነገር ዘወር ሲል ወደ ታች ይረግጣል። ቤት ሲገባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ያነሳል። ሚስቱ ዐርዋ ባሚያ እየከተፈች ታየዋለች።

"ጉንዳን ገብቶብሃል?"

"ልምምድ ነው።"

"ሱሪህም ሲለማመድ ነው የተቀደደው?"

ጉልበቱን በእጁ ሸፈነ። ዐርዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ሙዐዊያ፣ ለሼሁ ቀን ያራዝሙልኝ በላቸው። ምን ነውር አለው?"

"ሁለት ክረምት የጠበቀ ሰው ቀኑ ሲደርስ ይራዘምልኝ ካለ ሙዳሲር ምን ይላል? ልቡ ንጹሕ አይደለም ይላል።"

"ይበል። ሐጃን ደግመህ ከምትጥላቸው ይበል።"

ሙዐዊያ ጣቱን ማንሳቱን ቀጠለ። ያ ሁሉ ሰው በስሙ ሲምል ሲገዘት የኖረበትን ነገር፣ አልችልም ብሎ ማን ፊት ይቆማል? እስከ ሐሙስ ድረስ ይህንኑ ሲያላምጥ ሰነበተ። ሐሙስ ጠዋት እግሩ እንደገና ረገጠ፤ አልወደቀም፣ ግን ረገጠ። ሞተሩን አንለይ ዘንድ አቁሞ በእግሩ ወደ ሐጃ ነዕማ ቤት ወረደ።

ሐጃ ደጃቸው ላይ ባሚያ በሰፌድ እያሰጡ አገኛቸው። ቆመው ነበር የሚሠሩት፤ ክብደታቸውን ግን ደህና በሆነው እግር ላይ ጥለዋል።

"ነገ መስሎኝ ነበር" አሉት።

"ነገ ነው፣ ሐጃ። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ።" እንዴት እንደሚጀምረው አጣው። "እግሬ አልተመለሰልኝም።"

ሐጃ እግሩን ወደ ታች አዩት። "የተሰበረው የእኔ፣ የጠፋው ያንተ?"

"የግራው ነው። ማርሹን ወደ ላይ ማንሳት ሲገባኝ ወደ ታች ይረግጣል። ስረግጥ ጎማው ይይዛል። ሰኞ ወድቄያለሁ።"

ሐጃ ሰፌዱን አስቀምጠው በዝግታ ቁጭ አሉ። ሙዐዊያ የሚቆጡት መሰለው።

"ይህን ለሙዳሲር ነግረሃል?"

"ለማንም አልነገርኩም።"

"አትንገረው።" ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። "እኔም ለማንም ያልነገርኩት አለ። ሞተር በደጄ ባለፈ ቁጥር ግድግዳውን እይዛለሁ። እንኳን ልቀመጥበት። ምርኩዙንም የጣልኩት ድኜ ሳይሆን ሰው ይጠብቃል ብዬ ነው፤ ማታ ማታ እይዘዋለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ቀጥሎ ሐጃ ባሚያውን በጣታቸው እየበተኑ ጠየቁት።

"ማርሹን ሳትቀይረው ሞተሩ አይሄድም?"

"ይሄዳል። አንደኛ አስገብቼ፣ አንዴ ብቻ ወደ ሁለተኛ አንስቼ፣ እዚያው ላይ ልተወው እችላለሁ። ግን ቀርፋፋ ነው። ይጮኻል ደግሞ። ጀማሪ ነው የሚመስለው፣ ሰው ይስቃል።"

"በማን ላይ ነው የሚስቀው?"

"በእኔ።"

"እንግዲያ ይጩኽ" አሉ ሐጃ ነዕማ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገበያው አፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሼህ ሙስጠፋ አጭር ዱዓ አደረጉ። የሐጃ ወንድሞች በባጃጅ ሊከተሉ ተዘጋጅተዋል፤ ሙዳሲር ከሹፌሩ ጎን ነው። ሐጃ ወደ ጎን ተቀመጡና የሙዐዊያን ቀበቶ በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀበቶው ሆዱ ላይ ጠበቀ።

አንደኛ። ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ሄደ። ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፤ ሁለተኛ ገባ። ከዚያ በኋላ ግራ እግሩን ከማርሹ አርቆ አሳረፈው።

ከከተማው ሲወጡ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። በመንገዱ ዳር የቆሙ ሞተረኞች ዞሩ። ብዙዎቹን እሱ ነው ያስተማራቸው።

"ሙዐዊያ! ሌላው ማርሽ ተሸጠ እንዴ?"

"ተውት፣ ሙሽራ ጭኖ ነው!"

ጆሮው ጋለ። እጁ ጋዝ ጨመረ፤ ሞተሩ ሦስተኛ እየጠየቀ ጮኸ፤ ግራ እግሩም ከቦታው ተነሳ። ሐጃ ጉልበቱ ሲንቀሳቀስ አይተው ቀበቶውን ሳብ አደረጉ።

"እግርህ" አሉት።

መለሰው። ጋዙንም ቀነሰ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አንድ ሞተረኛ አለፋቸው። ቁልፉን አዞረ፤ ድምፁ ጠፋ፤ እየተንሸራተተ ወርዶ መታጠፊያው ላይ ተሰወረ። ሙዐዊያ ያን ዝምታ ያውቀዋል። የእሱ ሞተር ግን በሁለተኛ ማርሽ እየተንጎራጎረ ራሱን ይዞ ወረደ፤ ፍሬኑን ብዙም አልነካውም። መታጠፊያው ላይ አህያ አልነበረም። ሐጃ ከኋላው የሚሉትን ዱዓ በጆሮው ይሰማል፤ ጭንቅላታቸው ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ሊጠርገው እጁን አላነሳም።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሐጃ "አቁም" አሉ።

አቆመ። ወረዱና የድልድዩን ብረት ይዘው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ባጃጁም ደርሶ ቆመ። ሙዳሲር ወረደ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ።"

"የተባለው እስከ ቤት ነው" አለ ሙዳሲር፣ ሙዐዊያን እያየ። "ገና አልደረሰም።"

"የወደቅሁት ከዚህ በላይ ነው። ያንን አልፌ መጣሁ፤ አደረሰኝ ያልኩ እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የእኔ ነው። የተሰበርከው አንተ ነህ?"

ሙዳሲር ከመንገዳቸው ዞር አለ። ሐጃ መንገድ ጀመሩ፤ እያነከሱ፣ ግን ያለ ምርኩዝ። ሙዐዊያ ሞተሩን እየገፋ ከጎናቸው ዳገቱን ወጣ። ወንድማማቾቹ ባጃጁን ሸኝተው ከኋላ በእግር ተከተሉ። ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ሐጃ፣ "ለማክሰኞ ገበያ ና። ባሚያ አለኝ፣ ቅርጫቱ ከባድ ነው" አሉት። ሌሎቹ ወንድሞች ሙዐዊያን ጨበጡት። ሙዳሲር አጥሩን ይነቀንቅ ነበር፤ የላላ ቀርከሃ ያገኘ ይመስል።

ሲመለስ ሙዐዊያ ብቻውን ነበር። ድልድዩን አልፎ ዳገቱን በሁለተኛ ወጣ፤ አፋፉ ላይ መንገዱ ለጥ ሲል ሞተሩ ሦስተኛ ጠየቀ። ስለ ሙዳሲር እያሰበ ነበር። ማርሹ ገብቶ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው ያወቀው፤ እግሩ ወደ ላይ አንስቶታል። አላመነውም። እስከ ከተማው ድረስ ዓይኑን ከእግሩ ላይ ሊነቅል እየከበደው ነዳ።

ማክሰኞ ጠዋት ቀዩን ሞተር ከአንለይ ደግሞ ተውሶ ደጃቸው ደረሰ። ሐጃ ነዕማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ቅርጫቱን ግን ተሸክሞ የወጣው ሙዳሲር ነው። ሰላምታ አልሰጠም። ቅርጫቱን ከነዳጅ ጋኑ ላይ፣ ከሙዐዊያ ፊት አስቀመጠና በገመድ አሰረው፤ ቋጠሮውን ፈትቶ እንደገና አጠበቀው። እህቱ ሲቀመጡ ክንዳቸውን ያዘ። ከዚያ እጁን የሞተሩ መሪ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ፤ እስኪለቅ ድረስ መንቀሳቀስ አይቻልም።

"ቁልቁለቱ ላይ እንዳታጠፋው" አለ።

"አላጠፋውም" አለ ሙዐዊያ።

ሙዳሲር መሪውን ለቀቀ።