እዘዢኝ ልጄ

የጀርመንኛውን ፈተና እንደ ሞት ነበር የምፈራው። ባሌ ያለው ጀርመን ነው፤ ካላለፍኩ ቪዛ የለም፤ አንዴ ደግሞ ወድቄያለሁ። አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ «ስጡኝ» ማለትን እለማመዳለሁ። እኛ በአንድ ቃል የምንጨርሰውን ጀርመኖቹ ይበታትኑታል፤ መጀመሪያ «እሱን»፣ ከዚያ «ለእኔ»። ምን ይሉት ጣጣ ነው!

በቋንቋ ትምህርት ቤቱ የልምምድ ፈተና ቀን አስተማሪዋ ከሌክ ሲቲ ሰፈር ከሚመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር አጣመረችኝ። ያገሬ ሰው ናቸው። ፊታቸው ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠችና «እንዲያቀብሉሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ቃሉም ቅደም ተከተሉም አፌ ላይ ነበር። ግን አባቴን የሚያክሉ ሰው እንዴት ውሃ አቀብሉኝ እላለሁ? ሳላስበው ብድግ አልኩና ብርጭቆውን በሁለት እጄ አንስቼ ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

አስተማሪዋ ወረቀቷ ላይ ዜሮ ጻፈች።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ወደ ቦታው መለሱና «እዘዢኝ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «እኔም እዚያ ጀርመን የምትጠብቀኝ ሚስት አለችኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ አዘዝኳቸው። ሲያቀብሉኝ ግማሹ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ለካ እሳቸውም በለሆሳስ «እሱን፣ ለእኔ» እያሉ ነበር፤ ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ነው።