ሂያም ያስገጠመችው በር

ሂያም የቴምር ልጅ ናት። ኢራቅ ውስጥ፣ ባስራ አጠገብ ባለችው በአቡል ኸሲብ ተወልዶ የቴምር ልጅ ያልሆነ ማን አለ ብትሉ፣ ዛሬ ዛሬ ብዙ ነው፤ ግማሹ ሰው አትክልቱን ለቤት ሠሪ ሸጦ ባስራ ከተማ ታክሲ ይነዳል። አባቷ ሐጂ ዓብዱዛህራ ግን አልሸጡም። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ አገሩ በሴት ልጃቸው ስም «አቡ ሂያም» ይላቸዋል፤ ሲጠሯቸው ፊታቸው በርቶ ዞር ይላሉ። በርሂ የሚባሉትን ቴምሮች የተከሉት የሐጂ አባት ነበሩ። ልጅቱን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማሯትም እነዚያው ቴምሮች ናቸው።

እሷም አላሳፈረቻቸውም። ተምራ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በስማርት ግብርና ማዕከል አስተማሪ ሆነች። ማዕከሉ ምን መሰላችሁ? ማቀዝቀዣው ሲያጓራ የሚውል ሕንጻ፣ አንድ ድሮን፣ አፈር ውስጥ የሚቀበሩ መለኪያዎች፣ ጭቃ ረግጠው የማያውቁ ተማሪዎች። ሂያም ግን ከልቧ ትወደው ነበር፤ ጨውን የሚያሸንፍ ነገር ካለ ከዚያ እንደሚወጣ ታምናለች።

በዚያ አገር ቴምር ውሃ የሚያገኘው በሞተር አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የተገፋው ውሃ በየቦዩ ይገባና የዛፉን ሥር አርሶ ተመልሶ ይወጣል። የገበሬው ድርሻ ቦዩን መጥረግና «አልሐምዱሊላህ» ማለት ብቻ ነበር። ወንዙ ከላይ እየመነመነ ሲመጣ ግን ባሕሩ ራሱ ገባ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ በለመዱት ሰዓት፣ በለመዱት ቦይ፣ ጨው ተሸክሞ ይመጣ ጀመር።

ሂያም የማዕከሉን ኃላፊ ደጅ ጠንታ ጠንታ በአባቷ ቦይ አፍ ላይ በር አስገጠመች። በሩ ጨው መለኪያ አለው፤ ውሃው ጨው ሲበዛበት ራሱ ይዘጋል፣ ሲቀንስ ራሱ ይከፈታል። አባቷን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፣ በእጃቸው እንዳይነኩት።

ጎረቤታቸው ሙዛሂም መጀመሪያ ላይ መሳቂያ አድርጓቸው ነበር። «የሐጂ በር ዲግሪ አላት፣ የእኛዎቹ ማይም ናቸው» ይል ነበር ባገኘው ሁሉ ፊት። የመጀመሪያው በጋ አልፎ የእሱ ቅጠል ሲቃጠል የሐጂ ለምለም ሆኖ ሲቀር አፉን ዘጋ። ሐጂ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ሁሉ ስለ በሩ ሆነ። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ስለ በሩ ያወሩ ነበር።

በቀጣዩ በጋ ጨው በረታ፤ በሩም ተዘግቶ ከረመ። ዛፎቹ በጥም እየጠወለጉ፣ አባትና ልጅ ንጹሕ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ሲጠብቁ፣ ከላይ ካለው ግድብ ውሃ ተለቀቀና ወንዙ ለጥቂት ቀናት ጣፈጠ። መንደሩ ቦዩን ከፍቶ እስኪበቃው አጠጣ። የሐጂ በር ግን ዝም አለ። ጭቃና ጨው መለኪያው ላይ ጋግሮበት፣ ውሃው አሁንም ጨው መስሎት ነበር። ማጠብ የማዕከሉ ሥራ ነው፤ ማዕከሉ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከውጭ የመጡ እንግዶች ነበሩበት፣ ወለል ሲወለወል ከረመ እንጂ መለኪያ ያስታወሰ የለም። ሂያም ራሷ እንግዶቹን ሰብስባ፣ የአባቷን አትክልት በስክሪን እያሳየች፣ «ይኸው፣ በሩ አሁን እንኳ ከጨው እየጠበቀው ነው» ስትል ኃላፊው አጨበጨበ። እንግዶቹም አጨበጨቡ።

ሐጂ በሰው ቦይ ኩልል እያለ የሚፈሰውን ውሃ ሰምተው ብቻቸውን ወደ ወንዙ ወረዱ። በእጃቸው ጨልፈው ቀመሱ። ሻይ የሚፈላበት ዓይነት ውሃ ነበር። በሩን አዩት፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ መለሱ።

ሂያም እንግዶቿን ሸኝታ ስትመጣ ጨው ተመልሷል። ዛፎቹን አየች፤ ወርዳ መለኪያውን በጥፍሯ ስትፍቅ ቅርፊቱ እጇ ላይ ቀረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አባቷ ተከትለዋት ሲወርዱ እዚያው ቦዩ ዳር ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ ውሃውን አልቀመሱትም ነበር?»

«ቀምሼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈቱትም? ለምን አልደወሉልኝም?»

«አትንኩ አልሽኝ። እንግዳም አለብኝ ብለሽ ነበር» አሉ ሐጂ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ምላሴ አርጅቷል። ካንቺ እውቀት ምላሴን ላምን ነው ያስተማርኩሽ?»

ቢሰድቧት በተሻላት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የቴምሮቹ አናት እየተገነጠለ ወደቀ፤ አናቱ የወደቀ ቴምር ደግሞ አይመለስም። አንድ ዓርብ ከስግደት በኋላ ሙዛሂም ሌሎች ጎረቤቶች አስከትሎ ሊያጽናና መጣ። ሂያም የደረቅ ሎሚ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ሙዛሂም ፈራ ተባ እያለ በሯ ምን ነክቷት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ዘንድሮ አላሾፈም።

ሐጂ ከመካ ከተመለሱ ወዲህ ሲዋሹ የሰማ የለም። «በሯ ምንም አላጠፋች» አሉ። «እኔ ነኝ በእጄ ቆልፌ የረሳኋት። እርጅና ክፉ ነው።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሌላው «ያን የመሰለ አትክልት በመርሳት!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉት። ሂያም ሻዩን ለየሰው አደለች።

«ጥፋቱ የበሯ ካልሆነማ፣ ልጄ» አለ ሙዛሂም ወደ እሷ ዞሮ፣ «ለእኛም አስገጥሚልን። እኛ አንነካትም፣ እንደ ሐጂ አንሆንም። የቀረን ይኸው ያለው ነው።»

እውነቱን ብትናገር አባቷ በዚህ ዕድሜያቸው በአገር ፊት ውሸታም ይሆናሉ። ብትተወው የሙዛሂም ዛፎችም እንደ አባቷ ዛፎች በሩ ተዘግቶባቸው ይደርቃሉ። በሩ ባይገጠምላቸውስ? ጨው ይጨርሳቸዋል። ወዴት ብትዞር የሚለመልም ነገር አልታያት አለ። አባቷን አየቻቸው፤ ቀና ብለው በዓይናቸው ለመኗት።

«ከበዓሉ በኋላ እንመጣለን፣ አጎቴ» አለች።

ሙዛሂም እጆቹን ዘርግቶ ረጅም ምርቃት መረቃት፤ አባቷም «አሚን» አሉ።