አባ ይማምና የፉጣው ሙከይፍ

ሙከይፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ይጮኻል፤ ግን አያበርድም። ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር ውስጥ እኔ፣ ሉባባና ዘይነባ በአንድ ክፍል ተዘግተን የሰነበትንበት ሐምሌ ነበር። የሦስታችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ጊዜው አልፏል፤ ውጭ ፍተሻ ነው፤ መስኮት መክፈት አይቻልም። ከሙከይፉ የሚወጣው አየር ለብ ያለና እርጥብ አቧራ የሚሸት ነበር። ድምፁ እያለ ቅዝቃዜው አለመድረሱ አባ ይማምን አስታወሰኝ።

አባ ይማም በልጅነቴ ወሎ ውስጥ የመንደራችን የውሃ አባት ነበሩ። ከወንዙ የተጠለፈውን ውሃ በተራ የሚያካፍሉ እሳቸው ናቸው። በረባሷቸው ጭቃ እንደለበሰ፣ የተቀዳደደ ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቦዩን ሲወርዱና ሲወጡ ይውላሉ። የራሳቸው ማሳ ውሃ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነበር።

አንድ ቀን ተራው የእኛ ሆኖ፣ ውሃው ከላይ ሲንዶቆዶቅ ይሰማል፤ በርበሬ ማሳችን ላይ ግን ጠብታ አልደረሰም። አባቴ የላይኛውን ጎረቤታችንን ሌባ አለው። አባ ይማም አልተቆጡም።

"ና እስቲ፣ ካንተ ማሳ ጀምረን ወደ ላይ እንሂድ" አሉት።

እኔም ተከተልኩ። ብዙም ሳንርቅ፣ አባቴ ራሱ ለአጥር ቆርጦ ቦዩ ዳር የከመረው እሾህ ተንሸራቶ ውሃውን ወደ ገደል ሲያፈሰው አገኘን። በእሳቸው ሥርዓት፣ ሰውን ያለጥፋቱ የከሰሰ ተራውን ለተከሳሹ ይለቃል። በርበሬያችን ደረቀ። ለስንት ጊዜ ጠላኋቸው!

ፉጣ ውስጥ ግን እኔም እንደ አባቴ ሆንኩ። ዘይነባ የሙከይፉን ቁልፍ ስትነካካ አይቻት ነበርና "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፤ ዛሬውኑ ውጪልን!" አልኳት። መውጣት ማለት መያዝ ነው፤ መያዝ ማለት ተጠርዞ ባዶ እጅ መመለስ።

"እማማ፣ ወላሂ፣ ማብረጃውን ብቻ ነው ከፍ ያደረግኩት!" አለችኝ ዘይነባ።

"ወላሂሽን ለፖሊሱ ንገሪው።"

"ያላ፣ ዝም በሉ" አለች ሉባባ እየሳቀች፤ "ክፍሉን የሚያሞቀው አፋችሁ ነው።"

ዘይነባ ልብሷን ፌስታል ውስጥ መክተት ስትጀምር አባ ይማም ፊቴ ድቅን አሉ። ተነሣሁ። ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። እኩለ ቀን ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል፤ እየዳህኩ ወደ ትንሿ ሰገነት ወጣሁ። የማሽኑ ጀርባ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ጩኸቱ ታፍኖ፣ ሰው መኖሩ ከታች እንዳይታወቅ ብዬ በገመድ የጠፈርኩት እኔው ነኝ። ጨርቁ እጅ ያቃጥላል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ወደ እኛው ይመለስ ነበር። ፈታሁት። ቆይቶ ክፍሉ መብረድ ጀመረ፤ ጩኸቱ ግን አሁን መንገድ ድረስ ይሰማል።

በዕድሜዬ የተሰጠኝ ቦታ ከሙከይፉ ሥር ነበር። ፍራሼን ወደ በሩ ጎትቼ የዘይነባን በእኔ ቦታ አነጠፍኩ።

"ኧረ በአላህ፣ እማማ፣ እዚያ ሙቀት ላይ ይታመሙብናል!"

"ኸላስ፣ በቃ፣ ያንቺ ነው። አጥፍቻለሁ።"

አባ ይማም ልጅም ጥሪትም ሳይተዉ ሞቱ ይሏቸዋል። እንዲህ ሲባል እቆጣለሁ፤ ሥርዓታቸውን ለእኔ ትተዋልና። ያን ቀን በሩ ሥር ተጋድሜ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና እያልኩ፣ ዘይነባ በእንቅልፍ ልቧ "በረደኝ" ስትል ሰማሁ።